ክሪኩ የሚገባበት ቦታ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው በእግሯ ነው። መኪናዋ ከጋራዥ ወጥታ ወደ ዋናው መንገድ ስትታጠፍ፣ በግራው የፊት ጎማ በኩል፣ ከወለሉ ስር አንድ ነገር ቋ አለና ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ወለሉ ላይ ጫን አድርጋ ጠበቀች። ቀጣዩ ጉድጓድ ላይ ደገመው።

"ጋሼ፣ ሰማህ?"

"ምኑን?" አለ ወንድሟ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ።

"ከስር የሚያንኳኳውን።"

"መዝለሏን የሚያበርድ አዲስ አሞርዛቶር ነው የገባላት። አዲስ ጫማ መጀመሪያ እግር አይነክስም? ሲለመድ ይለቃል።"

መኪናዋ የአባታቸው ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ ሳትወለድ እዚያ ቤት የገባች፣ ለእሷ እንደ ታላቅ እህት ናት። ወንድሟ ፊቱን ሳይታጠብ እሷን ያጥባል። በደህናው ዘመን አልጋ ነበረች፣ ተሳፋሪው እንቅልፍ ይወስደዋል። አሁን ግን የመንገዱን ጠጠር አንድ በአንድ እየለቀመች ለሰው ወገብ ታስረክባለች። ሰኞ ዕለት የእህቱን ልጅ ለምርመራ ሆስፒታል አድርሶ ከመለሰ ወዲህ ራሱ "ታዘልላለች" ብሎ ጋራዥ አስገባት፤ ይኸው ዛሬ ረቡዕ ወጣች።

ወገቡስ ይቻላል። የልብስ ሰፊዋን ልብ ሁለት ያደረገው የነገው ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ልጇ ዘጠኝ ወሯን ጨርሳለች፤ ሕፃኑ በእግሩ ስለመጣ ሐኪሙ ለነገ ጠዋት ለኦፕራሲዮን ቀጥሯታል። ሆስፒታሉ ከቁልቁለቱ ስር ነው። ቁልቁለቱ ሰባት መጠምዘዣ አለው፤ በአንድ ጎኑ ግድግዳ የመሰለ አለት፣ በሌላው ጎኑ ምንም። ወንድሟ ደግሞ "የእህቴን ልጅ የአባቴ መኪና ቆማ በሰው መኪና አላወርዳትም" ብሎ ከማለ ሰነበተ።

ስለ መኪና ብዙ አታውቅም። የስፌት ማሽን ፊት ግን ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ማሽን መርፌ ከመስበሯ በፊት ትናገራለች፤ ቡሎን ሲላላ ድምፅዋ ይለወጣል። ያንን ንቆ መርገጫውን የረገጠ ሰው መርፌው ጣቱ ውስጥ ይቀርለታል። ጠባሳው በግራ አመልካች ጣቷ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

"መልሳት" አለች።

"ወዴት?"

"ወደ ጋራዥ።"

"አሁን እኮ ነው የወጣነው! ሰውየው ምን ይለኛል?"

"የፈለገውን ይበልህ። እምቢ ካልክ እዚሁ አውርደኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ቁልፉን ግን ይዤ ነው የምወርደው።"

እጇ ወደ ቁልፉ ሲሄድ አየ። እህቱን ያውቃታል፤ አንዴ ካለች አለች ነው። እያጉረመረመ ዞረ።

መካኒኩን ሰፈሩ ጨርሻለሁ ይለዋል፤ ሥራውን ጀምሮም ሆነ አጋምሶ፣ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ እሱ ስለሆነ። ሲመለሱ አይቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ምነው፣ ጨርሼላችሁ አልነበር?"

"በግራ በኩል ከፊት ያንኳኳል" አለች።

"እትዬ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የላላው ያንቺ ጆሮ እንዳይሆን።"

"የእኔን ጆሮ ተውና ጎማውን አንሳ።"

ጨርሻለሁ ክሪኩን ከመኪናዋ ሆድ፣ ከሻንሲው ስር ከቶ አነሳት። ጎማው ተንጠለጠለ። ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ንቅንቅ የለም። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሞከረው፤ ያው ነው። ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያዘውን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፣ ቴስቲና የሚሉትን፣ በመዶሻ ኳ ኳ አደረገው።

"ይኸው፣ አለት ነው። ጨርሻለሁ።"

ወንድሟ ሳቀ። ሳቁ ረዘመ፣ ግንባሩ ግን በላብ ርሶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ግራ ገባት። ሰውየው ዓይኗ እያየ ነቅንቆታል፣ አልተነቃነቀም። ምናልባት የሚያንኳኳው ፍርሃቷ ይሆን? የልጅ ነገር ሲሆን ለእናት ጥላም ኮቴ ያወጣል። ተሸንፋ ልትሄድ ስትል ዓይኗ ክሪኩ ላይ ዋለ። የቆመበት ቦታ አላማራትም። ለምን እንዳላማራት ቶሎ አልመጣላትም።

ከዚያ አባቷ ታወሳት። ግቢው ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ክሪኩን ሲከት፣ ከሆዷ ሳይሆን ከታችኛው ክንድ ስር፣ ከጎማው አጠገብ። "ሞላው፣ ይኼ ጥምዝምዙ ብረት፣ ጉልበተኛ ነው" ይላቸው ነበር። "ከሆዷ ያነሳችኋት እንደሆነ ሞላው ክንዱን ወደ ታች ረግጦ ይይዘዋል፣ የላላው የጠበቀ ይመስላችኋል። ክንዱን አንሱት። ሞላው ሲታፈን መገጣጠሚያው ይናዘዛል።" ወንድሟ በረጅም ብረት ጎማውን ወደ ላይ ይገፋል፤ እሷ ትንሿ፣ ጣቷን መገጣጠሚያው ላይ ታሳርፋለች። ሥራዋ ያ ነበር፣ የተነቃነቀ እንደሆነ መናገር።

"ክሪኩን ከክንዱ ስር አድርገው" አለች።

"እትዬ፣ እኔ በዚህ ሥራ ስንት ዓመቴ..."

"ጋሼ፣ አባባ የት ነበር የሚያደርገው?"

ወንድሟ መሬት መሬቱን አየ። "ከክንዱ ስር" አለ በቀስታ።

"ይሁና" አለ ጨርሻለሁ ክሪኩን እያዛወረ። "ነገ ደግሞ እኔ መጥቼ ቀሚስ እሰፋልሻለሁ።"

"ብቻ እጅጌ ሳትሰፋለት ጨርሻለሁ እንዳትለኝ።"

ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ተንበርክካ ጠባሳ ያለባትን ጣቷን መገጣጠሚያው ላይ አሳረፈች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ጨርሻለሁ ረጅም ብረት ከጎማው ስር አስገባ። "ግፋ" አለችው።

ገፋ። ከጣቷ ስር ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ አንድ ነገር ከፍ ብሎ ተመለሰ።

"ድገም።"

ደገመ። አሁን ለዓይንም ታየ።

"እጅሽን አውጪ" አለ ጨርሻለሁ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልቀረም። እጇን ስባ ሳትጨርስ ሦስተኛው ግፊት ላይ ኳሱ ከቤቱ ወልቆ ወጣ፣ ጎማውም እግሩ እንደተሰበረ ሰው ወደ ጎን ተጋደመ።

ውጭ አንድ ሰው እያፏጨ አለፈ።

ጨርሻለሁ ጎንበስ ብሎ አየ። ማለስለሻው ግራሶ ደርቆ ዱቄት ሆኗል፣ ኳሱን የሚሸፍነው ጎሚኒ እንደ ከረመ ዳቦ ተፈርፍሯል። "እኔን ታዘልላለች ነው ያልከኝ" አለው ወንድሟን። "ለመዝለሉ አሞርዛቶር ቀየርኩ። ሌላ ነገር ነበራት እንዴ? መሪው ይስብህ ነበር?"

ወንድሟ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። "አዲስ ዕቃ ሲገባላት የሚድን መስሎኝ..." አለ።

"ምኑ?" አለች እህቱ።

ጎንበስ ብሎ የወለቀውን ኳስ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። እሷም እንደገና አልጠየቀችው፤ መልሱን ፈራችው።

በማግሥቱ በጎረቤት ሚኒባስ ወረዱ። ወንድሟ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እናትና ልጅ ከኋላ። ሚኒባሱ ደህና ነበር፣ ሾፌሩም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ልብስ ሰፊዋ ግን ጫማዋን ወለሉ ላይ ተጭና የማይመጣውን ቋ ትጠብቅ ነበር። አንደኛው መጠምዘዣ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ።

ሦስተኛው ላይ ልጇ በመስኮቱ ጠቆመች። "እማዬ፣ ሰኞ አጎቴ ድንገት የቆመው እዚህ ጋ ነው። ፍየል ገባችብኝ አለኝ።" ሆዷን ደግፋ ፈገግ አለች። "እኔ ግን ፍየል አላየሁም።"

ልብስ ሰፊዋ አየች። አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር የጎማ መስመር ነበር። መስመሩ ተጣሞ ወደ አፋፉ ሄዶ፣ ጫፉ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው አየር ነው።

ቀና ስትል የወንድሟን ማጅራት አየች። ፊቱን ወደ አለቱ አዙሮ ነበር፣ ጆሮው ቀልቷል።

"ፍየልማ ትኖራለች" አለች ለልጇ። "አንቺ አንቀላፍተሽ ይሆናል።"

የልጇን እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰች። ገና አራት መጠምዘዣ ይቀራል።