የምድጃው ቀዝቃዛ ጫፍ

በሸክላ ሥራዋ በታወቀችው በቢዘን፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ቺጉሳ የአንድ ጥንታዊ የሸክላ ምድጃ አመድ በብሩሽ ስትጠርግ አንድ የገንቦ ቂጥ ብቅ አለ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በመጨረሻው እሳት፣ የምድጃው ጣሪያ ተደርምሶ ዕቃው እንደተደረደረ ቀርቷል። ቂጡ ላይ ከቅስት ሥር ሦስት ጭረት አለ፤ የእናቷ ቤተሰብ ምልክት።

የእናቷ ወንድም፣ አጎቷ ያሳቡሮ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ሆኖ አየው።

«አላልኩሽም? የእኛ ምድጃ ነው! የሸክላ ሱቄ ደጃፍ ላይ ‹የቢዘን የመጀመሪያው ምድጃ› ብዬ ስጽፍ ከንፈርሽን አጣመምሽ። እስቲ አሁን አጣሚው!»

«አጎቴ፣ ምድጃው የመንደሩ ነበር። የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ አያቶቻችን ዕቃቸውን ከማን ዕቃ ሊለዩ ምልክት ይጭሩ ነበር?»

«ባሕር ማዶ ያስተማሩሽ አፍ መመለስ ነው?»

ቺጉሳ ገሉን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ተፋቀ።

«አልበሰለም። ይሄ የጭስ መውጫው ሥር ነው፣ ሙቀት የማይደርስበት። እሳቱ አፍ ላይ፣ ጥሩው ቦታ ላይ የተደረደረው የሙኔታካዎች ዕቃ ነው። የእኛዎቹ ጥገኞች ነበሩ፤ የተረፈውን ቦታ ነው የሰጧቸው።»

ሙኔታካዎች ከያሳቡሮ ሱቅ ፊት ለፊት ሸክላ ይሸጣሉ። ያሳቡሮ ሠላሳ ዓመት ሰላምታ አልሰጣቸውም።

ቺጉሳ ግን ተናግራ እንደጨረሰች ራሷን ጠረጠረች። እውነቱን ነው የፈለገችው ወይስ የአጎቷን ፊት ሲጠቁር ማየት? ለማንኛውም ገሉ ገና ፎቶ አልተነሳም፤ ቦታው አልተለካም። ሳይለካ ከቦታው ከተነቀለ ምንም የማያስረዳ ተራ ስባሪ ነው።

ያሳቡሮም ይህን ያውቃል። ዘሎ ወረደና ገሉን በዶማ ጫፍ ፈንቅሎ ባልዲ ውስጥ ወረወረው።

«በይ፣ የት ነበረ? አሁን ለሙኔታካዎች ንገሪያቸው!»

ወለሉ ላይ ገሉ የተቀመጠበት ክብ አሻራ ቀርቷል። ቺጉሳ ሜትሯን ዘርግታ ለካችው፤ ቁጥሩን በምድጃው ንድፍ ላይ ጻፈች። ወደሚቀጥለው ገል ስትዞር ያሳቡሮ ቦቲውን አመዱ ላይ ተከለ።

«እግርዎን ያንሱ።»

«መሬቱ የእኔ ነው።»

«ከሥሩ ሌላ አለ።»

«ይኑራ! እስከ ማታ እቆማለሁ።»

ቺጉሳ ተንበረከከች። የቦቲውን ርዝመትና ስፋት ለካች፣ ዙሪያውን በእርሳስ በንድፉ ላይ ነደፈችው፣ በመሃሉም ጻፈች፦ «የያሳቡሮ እግር። ሊያነሳ አልፈቀደም፤ ሥሩ አልታየም።»

ያሳቡሮ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ፋቂው!»

«እግርዎን ሲያነሱ።»