ሱፍ ነው ያለችው

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደግሰው የሚባል ገበሬ አንጀቱ ዞሮበት ከደሃና ወረዳ በቃሬዛ ሰቆጣ ሆስፒታል ደረሰ። የሞተውን አንጀት ቆርጠው አወጡለት፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ጾሙ ሲገባ ግን ቁስሉ መግል ያዘ።

«ሰውነቱ አልቋል» አላት ትእዛዙ የሚባለው ነርስ የደግሰውን ሚስት የትናየትን። «ወተትና እንቁላል ካላገኘ ቁስሉ አይጋጠምም።»

ደግሰው ሰማ። «ከቆረብን ወዲህ ጾም ገድፌ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ቢፈቱኝም አልቀምስ።»

የትናየት ግንባሩን ዳበሰች፤ እሳት ነው። ሆስፒታሉ አጠገብ ላም ካላት ሴት «ለሕፃን ነው» ብላ ወተት ለመነች፤ በገብስ አጥሚት አፍልታ አመጣችለት።

«ምነው ነጣ?»

«ሱፍ ነው።»

አማተበና ጠጣ። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ቁስሉ እየጠገገ ሄደ። እሱ ባማተበ ቁጥር እሷ ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

«እንዲህ ያለ ሱፍ የምትወቅጥ ሚስት ብትኖረኝ እኔም ዘልዬ እነሣ ነበር!» አሉ ከጎኑ የተኙት ሽማግሌ፣ አቶ ወልደ ገብርኤል።

«የራስዎን ያስወቅጡ፣ አባባ! ይቺን አላካፍልም።»

ሁለቱም ሳቁ። የትናየት መሳቅ አቃታት።

ሐኪሙ እንደሚወጣ በነገረው ጧት ደግሰው አጥሚቱን እየጠጣ ፊቱ በራ። «የትናዬ፣ ለጸሎተ ሐሙስ እንደርሳለን። አብረን እንቆርባለን። ጾሜን ሳያስገድፈኝ ላዳነኝ አምላክ ሌላ ምን አለኝ?»

ዝም ብትል ሳያውቅ ከነግድፈቱ ሊቆርብ ነው።

«አትቁረብ» አለችው።

«ለምን?»

«ሱፍ አልነበረም። ወተት ነው።»

አቶ ወልደ ገብርኤል ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ። ደግሰው ኩባያውን አየ።

«ብትነግሪኝ እምቢ እንደምል ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ትሞትብኛለህ ብዬ ነው።»

«ታዲያ መሞቱስ የኔ አልነበረም?»

ኩባያውን በእጇ አስይዟት ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ቁስሉ አሞት ሲያቃስት ልትደግፈው እጇን ዘረጋች፣ ትከሻውን ሰበሰበባት። ከአጥሚቱ እኩሌታው ቀርቷል። ልትደፋው አልደፈረችም፤ ጨርሰው ብላ ለመለመንም አፍ አልነበራትም። እንደያዘችው ቀዘቀዘ።