የጋሽ እንደሻው መጻሕፍት

ይሉኝታ ከአሰላ ብርድ ይብሳል። ብርዱንስ ጋቢ ይመልሰዋል፤ ይሉኝታን የሚመልስ ልብስ ግን እስካሁን አላየሁም። እህቴን መቅደላዊትን የበላት እሱ ነው። ሰው የፈለገውን ያውራ፤ እኔ እዚያው ቤት ስለነበርኩ አውቃለሁ።

መቅዲ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። የሌላውን ክርክር ፋይል ተሸክማ ስትመላለስ፣ ሕግ መማር እንዳማራት ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ መሥሪያ ቤቷ አንድ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ ሕግ እንዲማር ፈቀደና ተራው የእሷ ሆነ። ታዲያ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን በዚሁ ዙር ማለፍ አለባት፤ ከወደቀች ዕድሉ ለሌላ ሠራተኛ ያልፋል፣ ወደ እሷም አይመለስም። ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት፣ ሥራ ለቃ በገዛ ገንዘቧ አትማር ነገር። ያላት ይቺው አንድ ፈተና ነበረች።

መጀመሪያ የጨነቃት ምን ላጥና የሚለው ነው። ቴሌግራም ላይ የማይጫን ጉድ የለም፤ አንዱ ይህን አንብቡ ይላል፣ ሌላው ያ ውሸት ነው ይላል። በመጨረሻ ትንሳኤ ደረሰችላት። ትንሳኤ ከደሴ ተመድባ የመጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። አምና ወንድሟ ተፈትኖ ያለፈበትን የመለማመጃ ጥያቄ አሳትማ አመጣችላት። ረጃጅም የእንግሊዝኛ ምንባብና እንቆቅልሽ የሚመስል ጥያቄ ነው። ሕግ እንደማይጠየቅ፣ ሕጉን ገና ገብታ እንደምትማረው፣ የሚፈለገው አንብቦ ማሰብ መቻል ብቻ እንደሆነ አስረዳቻት። መቅዲም ገባት። እኔ ልጆቹን እየያዝኩላት በዚያ መሥራት ጀመረች፣ ደግሞም ይሆንላት ነበር።

ጋሽ እንደሻው የመጡት ይኼኔ ነው። አሰላ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ የለም፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ሲጽፉ ያረጁ ሰው ናቸው። አባታችን ሲሞት አጎቶቻችን ቤቱን ሊነጥቁን ተነሥተው ነበር። ጋሽ እንደሻው ሳንቲም ሳይቀበሉ ክሱን ጽፈው፣ እማዬን ይዘው ስንት ቀጠሮ ተመላልሰው ቤቱን አስቀሩልን። ዛሬም የምንተኛው በሳቸው ብዕር በተረፈ ጣሪያ ሥር ነው። ይህን አልክድም፤ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። የፍርድ ቤቱ ሥራ በኦሮምኛ ከሆነ ወዲህ ግን ጠረጴዛቸው ቀዝቅዟል፤ መንገደኛው ሰላም ብሏቸው ያልፋል እንጂ የሚያጽፍ እምብዛም ነው።

የገብርኤል ማኅበር እኛ ቤት በዋለ ቀን፣ ሁሉም ከበላ ከጠጣ በኋላ፣ ጋሽ እንደሻው ተነሥተው ቆሙ። በላስቲክ የተጠቀለሉ መጻሕፍት አወጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የወንጀል ሕግ፣ ከነሥነ ሥርዓት ሕጎቻቸው። ገጹ ሁሉ በቀይ ተሰምሯል። እሳቸው ልጅ እንደሌላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙት ንብረት ይህ ብቻ እንደሆነ፣ መቅደላዊት በዚህ አጥንታ እንደምታልፍ ተናግረው መረቁ። ማኅበርተኛው አሜን አለ፣ እልልታው ቀለጠ። መቅዲም ጉልበት ስማ ተቀበለች። ምን ታድርግ? ጽዋ ፊት የተሰጠ ነገር ይመለሳል እንዴ?

ሰጥተው ዝም ቢሉ እኮ ደግ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ዱላቸውን ይዘው ከች ይላሉ። መቅዲ ቁጭ ብላ አንቀጽ በቃል ታወጣለች፤ ውርሱን፣ ይርጋውን፣ ይዞታውን። አንዲት ቃል ስትሳሳት ከራስ ያስጀምሯታል። የትንሳኤ ወረቀት አልጋ ሥር ገባ። ሲሄዱላት አንሥታ ልትሠራው ትሞክራለች፣ ቀኑን ሙሉ የለፋች ሰው ናትና ከሁለት ጥያቄ በኋላ እንቅልፍ ይጥላታል።

ትንሳኤ አንድ ቀን አላስቻላትም፤ ፈተናው ላይ ሕግ እንደሌለ በትሕትና ልትነግራቸው ሞከረች። እሳቸው ሳቁ። ሕግ ሳያውቁ ሕግ ትምህርት ቤት ከተገባማ፣ በግ ከፍየል ሳይለዩም በግ ነጋዴ መሆን ይቻላል አሏት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ መቅዲም አብራ ሳቀች። አሳሳቋ አበገነኝ።

እሳቸው ሲሄዱ ያዝኳት። አንቺ ካፈርሽ እኔ ልንገራቸው፣ ዕድልሽ በእጅሽ እያለ ታመልጥሻለች አልኳት።

«እትዬ ትርፌ፣ እኚህ ሰው አሁን ከኔ ሌላ ማን አላቸው?» አለችኝ። «መጽሐፍዎ አይረባም ብዬ አፌን ሞልቼ ልንገራቸው?»

ዝም አይነቅዝም ብላ በእማዬ ስም አስማለችኝ። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር፣ በኮምፒውተር። ስትመለስ ከባጃጁ ወርዳ ሳታናግረኝ ገባች፤ ፊቷን አይቼ የሆነውን አወቅሁ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድ አንቀጽ የሚጠይቅ መስመር አልነበረም። ስድስት ነጋዴዎች ተደርድረው ቆመዋል፣ ማን ከማን ቀጥሎ ነው የሚል ዓይነት ነው እንጂ። ምንባቡን ሳትጨርስ ሰዓቱ አለቀ። ውጤቱ ሲመጣ ለጥቂት ነበር የወደቀችው። ይቺ «ለጥቂት» እስካሁን ከራሴ አትወጣም፤ እነዚያን ምሽቶች ለራሷ ብታደርጋቸው ኖሮ ታልፍ ነበር። መሥሪያ ቤቷም ሳይውል ሳያድር ዕድሉን ለሌላ ሰው ሰጠ።

ጋሽ እንደሻው ሰምተው መጡ። አዝነዋል፣ ከልባቸው። ቁጭ አሉና ጥፋቱን አገኘሁት አሉ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ችላ ብለነው ነበር፣ ለከርሞ ከሱ እንጀምራለን።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች መቅዲ።

እሺ! መሐላዬንም እማዬንም ረሳሁ።

«ከርሞ የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ፈተናው ላይ አንድም የሕግ አንቀጽ የለም፤ እሷም ገና ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። እርስዎን ላለማሳፈር ብላ ነው የወደቀችው።»

ዱላቸውን ይዘው ወደ መቅዲ ዞሩ።

«እውነቷን ነው፣ ልጄ?»

መቅዲ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ውሸቷን ነው፣ ጋሼ። እኔ ሳላጠና ቀርቼ ነው።»

ጋሽ እንደሻው አመኗት። ማመን ፈልገው ይሁን ወይ ከልባቸው፣ እሱን ፈጣሪ ይወቀው። እኔን ሽማግሌ እንዲህ አይደፈርም ብለው ገሠጹኝ፣ እሷን ደግሞ ስንፍና ከድህነት ይከፋል ብለው መከሯት። አንገቷን ደፍታ ሰማች። አሁን ማኅበርተኛው ሁሉ፣ ያን ያህል ተለፍቶላት ሳታጠና ቀረች ይላል። መንገድ ላይ አስቁመው ሲወቅሷት እውነት ነው ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ።

ያን በተናገርኩ ማግስት ከሥራ መልስ ጋሽ እንደሻው እንደ ልማዳቸው መጡ። መቅዲ ወንበር ሰጠቻቸውና የሥነ ሥርዓቱን መጽሐፍ አምጥታ ተቀመጠች። ከአንቀጽ አንድ ጀመሩ።