ለደኅንነትዎ ሲባል

በለጠች ከባላጋራዋ ጋር ለፍርድ ቤት ቀጠሮው በአንድ ጋሪ መጣች። በዚያ አገር ይህ ነውር አይደለም። ፍኖተ ሰላም ሩቅ ነው፣ ጋሪው አንድ ነው፤ ሰው ተካሰሰ ተብሎ አብሮ መሳፈር አይተውም። እንዲያውም የያዘችውን ጭብጦ ገምሳ ግማሹን ለእንዳለው ሰጠችው።

እንዳለው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ ሲሞት ሦስቱን ቃዳ መሬት አርሶ ምርቱን እኩል እንዲያካፍላት ሰጠችው። ሁለት ዓመት አካፈላት። በሦስተኛው በቆሎውን ጠቅልሎ ጎተራው አስገባና «የአባቴ ርስት ነው» አለ። መሬቱ ከሄደ ለበለጠች የሚተርፋት ጎጆዋና አንዲት ላም ናት፤ ላሟም የምትግጠው እዚያው መሬት ዳር ነው።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ጸሐፊው ብቅ ብሎ፣ «ጠዋት የወንጀል መዝገብ አለ፤ የእናንተ ከሰዓት ነው» አላቸው። ግንቡን ተደግፈው ተቀመጡ።

ሳሌም ያገኘቻት እዚያ ነው። ከባሕር ዳር የመጣች፣ የአንድ የመብት ድርጅት ባልደረባ ናት። ከመንገዱ ማዶ ባለው አዳራሽ ስለ ሴቶች ፍትሕ የማግኘት መብት ሥልጠና እየሰጠች ነበር፤ ትናገራለች የተባለችው ተበዳይ ግን ቀረችባት።

«እናቴ፣ እርስዎስ ምን ገጥሞዎት ነው?»

በለጠች ነገረቻት።

«ፐርፌክት ነው» አለች ሳሌም። ቀጥላ ፊቷን አጠቆረችና፣ «ማለቴ፣ በጣም ያሳዝናል። መድረክ ላይ ይናገሩልናል? ግማሽ ሰዓት ናት።»

በለጠች ወደ እንዳለው ዞረች። «አያ እንዳለው፣ ብጠራስ?»

«ሂጂ እንጂ በለጡ። ሰው ሲያከብርሽ እምቢ ይባላል? ከተጠራን ተሻግሬ እነግርሻለሁ።»

አልተጠራጠረችም። በአገሩ ተሟጋች ተሟጋቹን ይጠራል፤ አንዱ ጠላ ቤት ቢገባ ሌላው በር ላይ ቆሞ «ኧረ ተጠራን» ይለዋል።

ለችሎት የለበሰችውን የክት ነጠላ አስተካክላ መድረኩ ላይ ወጣች። ስትጨርስ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እንዲህ ሲጨበጨብላት የመጀመሪያዋ ነው፤ በሠርጓ ቀን እንኳ የተጨበጨበው ለሙሽራው ነበር። ከክልል የሚጠበቁት እንግዳ ዘግይተው ደረሱና ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትደግመው ተለመነች። ሁለተኛው ጊዜ ከፊተኛው አምሮ ወጣ። ፎቶ አነሷት።

ከመንገዱ ወዲህ፣ በፍርድ ቤቱ፣ የወንጀሉ ተከሳሽ ከማረፊያ ቤት ሳይመጣ ቀረና የበለጠች መዝገብ ወደ ጠዋት መጣ። ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠራ። እንዳለው ብቻውን ገባ።

«ከሳሽ የት ናት?»

«እንጃ ጌታዬ። ጠዋትስ አብረን ነበርን። ሐሳቧን ለውጣ ይሆናል።»

መዝገቡ ተዘጋ። በለጠች ስትመለስ ጋሪውም ሄዷል።

ጸሐፊው አዘነላት። «በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ካቀረቡ መዝገቡ ይከፈታል። እዚያ አዳራሽ እንደነበሩ ማስረጃ ያምጡ።»

እንደ ቆመች ተመልሳ ወደ አዳራሹ ተሻገረች።

«ችግሩ እናቴ» አለች ሳሌም፣ «የተበዳይ ስም ለማንም አንሰጥም። አሠራር ነው። ለደኅንነትዎ ሲባል።»

«ስሙ የኔ አይደል?»

«አዎ። ለዚያ ነው የምንጠብቅልዎ።»

«እኔ ስጡልኝ ካልሁስ?»

«እሱን የሚወስነው ኮሚቴ ነው፤ በየሦስት ወሩ ይሰበሰባል። ግን አይዞዎት፣ ባዶ እጅዎን አልሰድዎትም።»

ቃሏን ጠበቀች። በሁለተኛው ሳምንት ከሥልጠናው ሪፖርት አንድ ገጽ አትማ፣ ማኅተም አሳርፋ ላከችላት። ሠልጣኞቹ በየወረዳቸው ተበትነዋልና ሌላ ምስክር አልተገኘም።

አቤቱታዋ በተሰማበት ቀን ዳኛው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ አራቀው። «ወይዘሮ ሀ» ይላል። ከላዩ ባለው ፎቶ አንዲት ሴት ቆማለች። ከአንገቷ በታች ጥርት ብላለች፤ ፊቷ ላይ ግን ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ ጌታዬ።»

«ፊት የላትም።»

«ለደኅንነቴ ብለው ነው ያጠፉት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ነጠላው የኔ ነው» አለች በለጠች።

«እንዲህ ያለ ነጠላ ገበያው ሙሉ ነው።» ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን ለእንዳለው አሰጠው። «አንተ ዘመዷ ነህ። እሷ ናት ካልህ መዝገቡን እከፍታለሁ።»

እንዳለው በሁለት እጁ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ጌታዬ» አለ፣ «ፊት የሌላትን ሰው አውቃታለሁ ብዬ እንዴት ልማል?»

ዳኛው ጥንቃቄውን ወደደለት። አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

ወደ አገራቸው የሚሄደው ጋሪ አንድ ነበር። እንዳለው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ከተማውን ሲወጡ አንገቱን ወደ እሷ ቀለስ አደረገ።

«ያ የነጠላሽ ወይን ጠጅ ጥለት» አለ፣ «ወንድሜ ለፋሲካ ከደምበጫ ሲገዛልሽ አብሬው ነበርሁ። እሱ አረንጓዴውን ሊያነሣ ነበር። እኔ ነኝ የመረጥሁልሽ።»

በለጠች የፈረሱን ጀርባ ታያለች። በዚያን ቀን ስንቅ አልያዘችም። እንዳለው ይዟል፤ ጭብጦውን ገምሶ ግማሹን ጉልበቷ ላይ አኖረላት።

«ብዪ እንጂ» አለ። «ከእንግዲህ ምን ያጣላናል።»