አራት ፊልም በአንድ ሲዲ

ሜቲ ነርስ ሆና ጅማ ተመደበች። ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ «እማማ፣ የእናቴን ፊልሞች ይዤ ልሂድ» አለችኝ። ልጄ ምሥራቅ የሞተችው ሜቲ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ብቻዋን እንዳትሆን አብሬያት ሄጄ አንድ ወር ልቆይ ብዬ ሻንጣዬን ሳልነግራት አዘጋጅቻለሁ።

ፊልሞቹ አራት ሲዲ ናቸው፦ የምሥራቅ ሠርግ፣ የሜቲ ክርስትና፣ የመጀመሪያ ልደቷ፣ የምሥራቅ ምርቃት። ዋናዎቹን መስጠት ፈራሁ፤ መንገድ ላይ ቢሰበሩስ? ፍላሽ ደግሞ ጥፍር የምታክል ነገር፣ ኪስ ውስጥ ትጠፋለች። በሲዲ ይገልበጥ ብዬ ድርቅ አልኩ። በነጠላ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤያቸው ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ ከሜቲ ጋር በታክሲ ጦር ኃይሎች ሄድን።

እዚያ ፎቶ ቤት ያለው ጥሩነህ ሳቀብኝ። «ማዘር፣ ባዶ ሲዲ አሁን ማን ይገዛል? አንድ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አራቱንም እሱ ላይ ክተትልኛ።»

«በጣም ከተጨመቀ ፊታቸው አይለይም። ሃያ ደቂቃ ያህል መቆረጥ አለበት። ሠርጉ ላይ እንግዳ ሲበላ ብቻ ግማሽ ሰዓት ነው፤ እሱን ላውጣው?»

«አይደረግም! ነገ አንዱ መጥቶ ‹እኔስ የታለሁ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ጅማ ድረስ መጥተው ሊጠይቁ ነው እንዴ፣ እማማ?» አለች ሜቲ።

«ግማሾቹ እኮ ሞተዋል። የሞተ ሰው ከሠርግ ይባረራል?»

ጥሩነህ የልደቱን መጨረሻ አሳየን። «እንግዲያው ይሄ ይውጣ። ካሜራው ሳይጠፋ ተረስቶ ነው፤ ምንጣፍ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ምንጣፍማ ይውጣ» አልኩ።

ሜቲ ግን እጁን ያዘችው። «እስቲ ድምፁን ክፈተው። እዚህ ደርሰን አናውቅም።»

እውነቷን ነው። ኬኩ ተቆርሶ ሳያልቅ ማጫወቻው ጋለ እያልኩ ከሶኬት የምነቅለው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት። በልደቱ መጀመሪያና በሌሎቹ ፊልሞች ላይ ደግሞ ዘፈን ስለተጫነባቸው የማንም ድምፅ አይሰማም፤ ልጅቷ የእናቷን ፊት እንጂ ድምፅ አታውቅም።

ድምፁ ተከፈተ። መጀመሪያ የሳህን ኳኳታ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ምሥራቅ፦

«እማዬ፣ ልቀቂያት!»

«ብትወድቅስ?» የምለው እኔ ነኝ።

«ትነሳለቻ! ነይ ሜትዬ፣ ወደ እኔ ነይ… አንድ… ሁለት… አየሽ? እማዬ፣ አየሻት?»

ሁለት ትናንሽ እግሮች ምንጣፉን አቋርጠው አለፉ።

ሜቲ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያ፣ «ድምጿ ወፍራም ነው» አለች፤ «ልክ እንደ እኔ።» እንደገና አስከፈተችው። እኔ በነጠላዬ ዓይኔን ስጠርግ ጥሩነህ ወንበር አቀረበልኝ።

«ጥሩነህ፣ የሚበሉትን አውጣቸው።»

«ሁሉንም፣ ማዘር?»

«ሁሉንም። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ እኔም አለሁ፤ እኔንም አውጣኝ። ምንጣፉን እንዳትነካ!»

ቤት እንደገባን ሻንጣዬን ፈታሁ። ሜቲ አየችኝ፤ ያኔ ነው የገባት።

«ልትመጪ ነበር እንዴ?»

«ነበር። አሁን ግን ለፋሲካ ብጠራ ነው የምመጣው።»

የምትሄድ ዕለት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሲዲውን በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣዋ ውስጥ ከላይ አስቀምጬላታለሁ። አውቶብሱ ሲነሳ በመስኮቱ ሥር እየሄድኩ፣ «ፀሐይ እንዳይነካው! ማጫወቻውም እንዳይግል!» አልኩ። ከዚያ አሰብኩና፣ «ቢግልም ግድ የለም፤ እስከ መጨረሻው እዪው!» ብዬ ጮህኩ።