ዓይን የተማረው ቀለም

በጨርቅ ፋብሪካው የጥራት ክፍል «ንስሩ» የሚሉት ሰውዬ ነበር። ከሙሉ ጥቅል ጨርቅ ውስጥ አንዲት የተበጠሰች ክር ከሩቅ ይለያል። እንግዲህ ይኸው ጉደኛ ነው በአንድ ሳምንት አስራ አንድ ጥቅል ደህና ጨርቅ «ሮዝ ቀለም ነክቶታል» ብሎ የመለሰው።

የክፍሉ ኃላፊ ባለ ነጭና ጥቁር መስመሩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ሮዙ የቱ ጋ ነው? እስቲ ያሳዩኝ።»

«ይኸው፣ ነጩ ላይ ነዋ!»

«በመሣሪያ ተለክቷል እኮ። ነጭ ነው።»

ንስሩ ጨርቁን አዞረው። መስመሩ ተጋድሞ የነበረው ሲቆም ሮዙ ጠፍቶ አረንጓዴ መጣ። ያኔ ነገሩ ከጨርቁ ሳይሆን ከራሱ መሆኑ ገባው።

«ዓይንዎን ይታዩ» አለችው ኃላፊዋ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ግን ጡረታ ነው።» ጨክና አይደለም፤ ሥራው ዓይን ነው።

የዓይን ሐኪሟ ብዙ ከመረመረችው በኋላ ጠየቀችው። «በቅርቡ ቀይና አረንጓዴ መስመር አብዝተው አይተዋል?»

ማየትማ! ቀዩ የቆመ፣ አረንጓዴው የተጋደመ መስመር ያለበትን ጨርቅ ሁለት ወር ሙሉ ከሚስቱ ጋር ሲመረምር ነበር፤ እሷ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። «አንተ ሰውዬ፣ አፍጥጥ እንጂ!» እያለች ስትነዘንዘው። ያ ሥራ ባለቀ በሳምንቱ ድንገት ሞተች። ከዚያ ወዲህ መስመር የሌለው ወጥ ጨርቅ ብቻ ሲያይ ሁለት ወር አለፈው።

«ዓይኔ ደክሞ ይሆን?»

«ድካም ቢሆን በእረፍት ይለቅዎት ነበር። ባለሙያዎቹ ገና ይጨቃጨቁበታል፤ እኔ ግን ትምህርት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ዓይንዎ የተጋደመ መስመር ከአረንጓዴ ጋር እንደሚመጣ ተምሯል። ስለዚህ አረንጓዴውን ቀድሞ ይቀንስለታል። አረንጓዴው ሲቀር ነጩ ሮዝ ይሆንብዎታል።»

«ታዲያ መድኃኒቱስ?»

«ነጭና ጥቁሩን በየቀኑ ትኩር ብለው ይዩት። ቀለሙ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሲቀር፣ ዓይንዎ ተስፋ ይቆርጣል። ጨፍኖ መተኛት ግን አያስረሳውም።»

ተስፋ ይቆርጣል ስትል ሚስቱ ትዝ አለችው። ልብሷን እህቷ ወስዳዋለች፤ ፎቶዋ ደግሞ እሷን አይመስልም። ይህን ቀለም ግን በአንድ መብራት ሥር አብረው ነው የተማሩት። እሱ ከረሳው ሌላ ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። አንገቱን ጋደል አድርጎ ሲያይ መስመሩ የቆመም የተጋደመም አይሆንም፤ ቀለሙም አይመጣም፣ አያልቅበትምም። እንዲህ እያየ ጥቅሉን ሁሉ አሳለፈ። «ንስሩ አንገቱ ተጣመመ!» ብለው ሳቁበት። ይሳቁ! ከነጭና ጥቁሩም አንድ ቁራጭ ቤቱ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ባየው ቁጥር እንደሚያልቅ ያውቃላ።

እሑድ ቤቱ ጭር አለበት። የደወለ የለ፣ ያንኳኳ የለ። «ለአፍታ ብቻ» ብሎ ቁራጩን አወጣ። ሮዝ! ሳስቷል፣ ግን አለ። ለአፍታ ያለው ሰው ከረፋድ ጀምሮ ከወንበሩ አልተነሳም። ናፍቆት መች ልክ ያውቃል! ባየው ቁጥር እየነጣ ሄደ፤ ማቆም እንዳለበት እያወቀ አላቆመም። አመሻሹ ላይ ጨርቁ ነጭ ነበር። አዞረው፤ ነጭ ነው። እውነቱን እናውራ ካልን፣ ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሰኞ አንገቱን አቅንቶ ሠራ። ኃላፊዋ አጠገቡ ቆማ አንድ ጥቅል ሲጨርስ አየችና ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ ዳኑ እኮ!»

«ዳንኩ» አላት፣ ቀጣዩን ጥቅል እየዘረጋ።