ከሃያ ላይ አሥራ ሦስት ሲቀነስ

ታቢታ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምር ነበር። ልጆቹ መልሱን ብቻ ጽፈው እንዲቀመጡ አትፈልግም። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ትጽፍና «እንዴት እንዳሰባችሁ ደብተራችሁ ላይ ሣሉልኝ፤ ከዚያ ጻፉልኝ» ትላቸዋለች። ጥያቄዋ ስለ ሐይቁ ዓሣ ወይም ስለ ማንጎ ነው። በቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ አማርኛው ቢያጥረው በሥዕሉ ያስረዳታል።

ኩማ የሚባለው ተማሪ ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ለሚቆጥረው ሁሉ ስም ያወጣል፤ ለዓሣው እንኳ ሳይቀር። «ስም ከሌላቸው ይምታቱብኛል» ብሎ ጽፎላት ስቃ «ጎበዝ» ብላ ፈርማለታለች።

በ1975 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ተጠሪ ጓድ በላይነህ ወረቀት ይዞ ክፍሏ ገባ።

«ሒሳቡም ከትግሉ ጋር ይያያዝ ተብሏል። ዛሬ ይህን ስጪያቸው» አላት፤ በሩ ላይም ቆመ።

ታቢታ እያቅማማች ጻፈችው። «ሃያ ወንበዴዎች ነበሩ። ጀግናው ሠራዊታችን አሥራ ሦስቱን ደመሰሰ። ስንት ቀሩ?»

ልጆቹ እንደለመዱት መሣል ጀመሩ። በመካከላቸው ስታልፍ በየደብተሩ ሰው ተደርድሯል፤ ክብ ጭንቅላት፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። ከዚያ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ። አንዱ እርሳሱን ተጭኖ ሲሰርዝ ወረቀቱን ቀደደው።

ድንገት ከኩማ አጠገብ የተቀመጠችው ፈትያ እሪ አለች። «ቲቸር! ኩማ ገደለኝ!»

ታቢታ የኩማን ደብተር አየች። በየሰዉ ሥር የክፍሉን ልጆችና የዘመዶቹን ስም ጽፏል። ፈትያ ተሰርዛለች። ከኋላዋ የተቀመጠው ጠሀ እንዲሁ ተሰርዟል። የኩማ ታላቅ ወንድም፣ ባለፈው ዓመት ለውትድርና የሄደው ደበሌ፣ ከቀሩት ሰባት መካከል ነው።

«ቲቸር፣ የማውቀውን ሰው ስም ነው የሰጠኋቸው» አለ ኩማ ፈርቶ። «ደበሌን ግን አልሰረዝኩትም። ሰባት አይደለም እንዴ መልሱ?»

መልሱ ልክ ነበር። ታቢታ ዳስተሩን አንስታ ሰሌዳውን ጠረገችው።

«ማን አጥፊው አለሽ?» አለ በላይነህ።

«እኔው ነኝ! ሰው መደምሰስ ለሕፃናት አላስተምርም።»

«ሰው አይደሉም። ወንበዴዎች ናቸው።»

«እስቲ ይመልከቱ ልጆቹ የሣሉትን! ወንበዴ ሲሣል ከሰው በምን ይለያል? ያሳዩኝና እኔም ላሳያቸው።»

በላይነህ የኩማን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ ነጥቆ ወጣ። ኩማ ማልቀስ ጀመረ።

«አጠፋሁ ወይ ቲቸር?»

«አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው። «ያሰብከውን ጻፍ አልኩህ፣ ጻፍክ።»

ዓርብ ዕለት መምህራኑ ለሂስና ግለ ሂስ ተሰበሰቡ። በላይነህ ደብተሩን ከፍ አድርጎ «በሒሳብ ስም ለጠላት ማዘን ይሰበካል! ምንጩም ይታወቃል፤ እሷ ጴንጤ ናት፤ የጴንጤ ትምህርት ነው!» አለ። ታቢታ ግለ ሂስ አድርጊ ብትባል «የምጸጸተው ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ በመጻፌ ነው» ብላ ተቀመጠች። አብረዋት ሻይ የሚጠጡት መምህራን ጫማቸውን ያዩ ነበር። ከከተማው ርቃ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት እንድትዛወር ተወሰነ።

ስትወጣ ርእሰ መምህሩ አቶ ግዛቸው በረንዳው ላይ ደረሱባት። ዙሪያቸውን አይተው በሹክሹክታ «ልጄ፣ እውነትሽን ነበር። ግን ዝም ብትዪ ይሻልሽ ነበር» አሏት።

«እውነቴን እንደሆነ ካወቁ» አለች ታቢታ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «እዚያ ውስጥ እጅዎን ለምን አላወጡም?»

አቶ ግዛቸው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ታቢታ የኩማን ደብተር ለማስመለስ የበላይነህን ቢሮ በር ማንኳኳት ጀመረች።